ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት

ታክሲ የጀመርኩ ዕለት ያስፈራኝ መንገዱ አልነበረም። የዴንቨርን መንገድ የሆቴል ሹፌር ሆኜ ስሠራ ለምጄዋለሁ። ያስፈራኝ የሕክምና ካርዱ ነው። ሰው የሚጭን ሹፌር በየጊዜው ሐኪም ፊት ቀርቦ ዓይኑን፣ የደም ግፊቱንና ስኳሩን ታይቶ ካርድ ካልተሰጠው መሪ አይጨብጥም። የታክሲ ድርጅቱ ማናጀር ያን ቀን ካርዴን አገላብጦ አየና፣ «የዚህ ጊዜ ካለፈ ምክንያት እንዳትነግረኝ። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ ሂድ» አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለው፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኤርፖርቱ አጠገብ ታክሲዎች ተሰልፈው የሚጠብቁበት ሰፊ ማቆሚያ አለ። ሎት እንለዋለን። እዚያ ሰዓታት ይፈጃል። በምሳ ሰዓት የአንዱ መኪና ኮፈን ጠረጴዛ ይሆንና ሁላችንም ከቤት የያዝነውን አንድ ላይ እንዘረጋለን። የሰልፉ ሽማግሌ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ከእኛ ሁሉ በፊት ታክሲ የነዱ፣ ነገር የማይወዱ፣ ጉርሻ ግን የማይምሩ ሰው። «በሞቴ» ካሉ አለቀ፣ አፍህን ትከፍታለህ።

ቁጭ ብሎ መዋል፣ ቁጭ ብሎ መብላት። ወፈርኩ። የእኛ ሰው «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» አለኝ። የካርዱን ሐኪም ግን አላማርኩትም። ግፊቴን ሁለቴ ለክቶ የአጭር ጊዜ ካርድ ሰጠኝና፣ «ክብደትህ ካልቀነሰ በሚቀጥለው አልፈርምም» አለ።

እንዴት እንደጀመርኩ ዝርዝሩን አልነግራችሁም፤ ለማንም አይጠቅምም። ባጭሩ፣ ከሰው ጋር እበላለሁ፣ ከዚያ ዞር ብዬ የበላሁትን አወጣለሁ። አልበላም ብል ሎቱ ሁሉ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ይነሣብኛል። ጾም ሲገባ ደግሞ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። እንዲያውም ተመሰገንኩ።

በሚቀጥለው ምርመራ ሐኪሙ ጎበዝ ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ ሙሉ ካርድም ሰጠኝ። ካርዱን ኪሴ ስከት ነገሩ እዚያው ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ላቆም ባልኩ ቁጥር ክብደቱ ሲመለስ፣ ካርዱ ሲወሰድ ይታየኛል። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ባለቤቴ ሙሉ የምትሠራው ዴንቨር አጠገብ፣ ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ መታጠቢያ ቤት ሳስመልስ ሰማችኝ። ሆዱን አመመው ብላ ደነገጠች። በሚቀጥለው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን በጄሪካን ጸበል ይዛ መጣች። በባዶ ሆዴ ጠጣሁ፣ ወዲያው አስመለሰኝ። ሙሉ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ተመስገን! ይውጣልህ፣ የያዘህ ነገር ሁሉ ይውጣልህ» አለች። ፊቷ በርቶ ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬም ፈርቼም አላውቅም። ሙሉ ተመስገን የምትለው ሊገድለኝ ስላለው ነገር ነው። ልነግራት አሰብኩና ጄሪካኑን ከድኜ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ጸበሉ መደበቂያ ሆነልኝ። ማስመለሴን ብትሰማ እንኳ «እየወጣለት ነው» ትላለች።

በጋ ላይ አንዲት አሮጊት ከኤርፖርት ጭኜ ሞንትቤሎ ወደሚባለው ሰፈር ስሄድ ጣቶቼ መሪው ላይ ተኮማተሩ። አልፈታ አሉኝ። ልቤ አንዴ ይመታል፣ አንዴ ይዘላል። ፊት ለፊቴ መንገዱ ጠበበ። በመዳፌ ገፋ ገፋ አድርጌ መኪናውን ዳር አስያዝኩት። ሴትየዋ ከኋላ «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት። ጣቶቼ እስኪፈቱ በመስተዋቱ አየኋት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩን እያየች ነበር። ፈርታኛለች። ትክክል ነበረች።

እንዴት እንዳደረስኳት እግዜር ይወቅ። ወደ ሎት ተመልሼ ከጋሽ ወርቁ መኪና አጠገብ ፓርክ አደረግኩ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ከምሳ በኋላ ዞር ብዬ አስመልሳለሁ። በሽታ አይደለም፤ እኔው ነኝ የማስመልሰው።»

ከመኪናቸው ወረዱ። «ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ ጀመርኩት። አሁን እሱ ነው የያዘኝ። ዛሬ ሰው ጭኜ እጄ እምቢ አለኝ።»

ምክር ይጀምራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፍህን አምጣ። ኢመርጀንሲ እንሄዳለን።»

«ካርዴን ይወስዱብኛል።»

«ይውሰዱታ! አንተን ከሚወስዱህ አይሻልም? ግባ አልኩህ!»

ኦሮራ ከተማ ሆስፒታል ደሜን መርምረው፣ ፖታሲየም የሚባለው ለልብ የሚያስፈልግ ማዕድን በማስመለሱ ወርዷል አሉ። ደረቴ ላይ የልብ መከታተያ ሽቦ ለጠፉ። አንዲት ወጣት ሐኪም ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቀጥላ ሥራዬን ጠየቀችኝ። መጋዘን ነው የምሠራው ልል አሰብኩ። ምላሴ ላይ ነበር። አሮጊቷና ቦርሳዋ ትዝ አሉኝና ታክሲ ሹፌር ነኝ አልኩ።

«ሐኪሞችህ እስኪፈቅዱልህ አትነዳም» አለች። የፈራሁት ደረሰ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቀጥላ ሕመሙ የአመጋገብ መታወክ እንደሚባል፣ ለአዋቂም ሕክምና እንዳለው ነገረችኝ። እኔ እንዲህ ያለው ነገር የጎረምሳ ልጃገረዶች ጣጣ ይመስለኝ ነበር።

ለሙሉ የነገርኳት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው። «እኔ ተመስገን ስል… አንተ ዝም አልከኝ?» አለች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቁልፉን ማናጀሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሕክምናውን ጀመርኩ። ቀን ቀን ሄደው ማታ ወደ ቤት የሚመለሱበት ነው። ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ በዕድሜም ትልቁ እኔ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እንበላለን፣ ነርስ አብራን ትቀመጣለች። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ማንም ብቻውን መጸዳጃ ቤት አይሄድም። የመጀመሪያው ቀን ፊቴ የቀረበው ተራ ሳንድዊች ነው። በረዶ ላይ በሌሊት የነዳሁ ሰው ሳንድዊች ፈራሁ። ብትስቁ አልቀየምም፤ ያን ቀን ግን ላብ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

የንስሐ አባቴን ስለ ጾም ጠየቅኳቸው። «ሕመምተኛ ነህ፣ ብላ። ጸበሉንም ጠጣ፣ ሐኪሙንም ስማ» አሉኝ። ሙሉም ወደ ሕክምናው ቦታ ተጠርታ መጣች። የእኔ አማካሪ ስለ ውፍረትና ስለ ክሳት እንዳታነሣ፣ «ብላ፣ ብላ» እያለችም እንዳታስጨንቀኝ ነገረቻት። ሙሉ ወደ እኔ ዞራ፣ «ታዲያ ብላ ካላልኩህ ምንህ ነኝ?» አለች። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የሳቅነው ያኔ ነው።

ሐኪሞቹ ፈቅደው ወደ ሥራ ስመለስ የምፈራው መንዳቱን አልነበረም፤ ሎት ውስጥ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ነርስ የለ፣ ጠባቂ የለ። በልቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። የለመድኩት ነገር ሂድ ሂድ ይለኛል።

ስለዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ የነገርኳቸው ጋሽ ወርቁ በሩን ከፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሎት ውስጥ ተራ ማለት እንጀራ ማለት ነው። ተራውን ያሳለፈ መጨረሻ ላይ ሄዶ ይሰለፋል፤ ስለ ተራ ወንድማማቾች ሲጣሉ አይቻለሁ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም እያወሩኝ ሳለ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

«ጋሽ ወርቁ፣ የእርስዎ ተራ ነው እኮ።»

«አይቼዋለሁ።»

ከመኪናቸው ኋላ ያለው ሹፌር ጡሩምባ ነፋ። በመስኮት እጃቸውን አውጥተው እለፍ አሉት። የሚቀጥለውንም አሳለፉት። ስለ ጉልበታቸው ማውራታቸውን ቀጠሉ፤ የቀኙን ጨርሰው ወደ ግራው ተሻገሩ።

«ሰዓቱ ሞላ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሞላ።»

«በል እሺ» ብለው ወረዱና መኪናቸውን አስነሥተው ሰልፉ ጭራ ላይ ገቡ። በማግስቱም እንዲሁ አደረጉ።

ፍርሃቱ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። አሁን መሪ ለምትይዙ የምለው ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለ ሕመም ከያዛችሁ ለሐኪም ንገሩ፣ ሥራችሁንም አትደብቁ። ከምሳ በኋላም ብቻችሁን አትቀመጡ።