ከአቡጀዲ ላይ የመጣ ዘመድ

ዓምደሚካኤል በሶዶ ችሎት በአስተርጓሚነት በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ በሰው ቃል ላይ ጨምሮም ከሰው ቃል ቀንሶም አያውቅም። አባቱ ከመንዝ የመጣ ወታደር፣ እናቱ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ ሁለት አፍ ይዞ ነው የተወለደው። ዳኛው በአማርኛ ሲቆጡ እሱ በወላይትኛ ይቆጣል፤ ባላገሩ በወላይትኛ ሲማጠን እሱ በአማርኛ ይማጠናል። «የዓምደሚካኤል አፍ አሸንዳ ነው» ይሉ ነበር የከተማው ሰዎች። «የገባበትን ውሃ ያንኑ ያወርዳል።»

እንዲህ የተመሰገነውን አፍ ያስቀጣው ሲኒማ ነው።

ጣሊያን ሳይገባ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሙሴ ያኒ የሚባል ቆዳ ገዢ ግሪክ በእጅ የሚዞር ማሽንና አንድ ሣጥን ሙሉ ፊልም በበቅሎ አስጭኖ ሶዶ አስገባ። ፊልሞቹ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ነበሩ። ሙሴ ያኒ የሰውየውን ስም ሲጠራ የሚያስነጥስ ስለሚመስል ማንም ስሙን አልያዘውም፤ የያዙት ነገሩን ነው፦ ሌብነት፣ ግድያ፣ ማሳደድ። ድምፅ የላቸውም። በሥዕሉ መሀል የፈረንጅ ጽሕፈት ብቅ ይላል፤ ሙሴ ያኒ ያነበውና በተሰባበረ አማርኛ ይወረውራል፤ ዓምደሚካኤል ይለቅመውና አቃንቶ በቀኝ ለተቀመጡት በአማርኛ፣ በግራ ለተቀመጡት በወላይትኛ ይናገራል።

ቅዳሜ ገበያ ተበትኖ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በቆዳው መጋዘን ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ይወጠራል። ከማሽኑ የሚወጣው ብርሃን በደረቀው ቆዳ ክምር ላይ ሲያልፍ በአየሩ ያለው አቧራ ሁሉ ነፍስ ይዘራል። ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ከባሕር ማዶ አንድ የማያውቁት ሰው በፊልም የያዘው ዝናብ፣ እዚህ ደረቅ ጨርቅ ላይ ይዘንብ ነበር! ዓምደሚካኤል ግን ይህን ሁሉ ለማድነቅ ጊዜ አላገኘም። የተመልካቹ ጥያቄ አስመረረው።

በመጀመሪያው ፊልም አንድ ባለ ጠባሳ ሌባ የአንዲትን አሮጊት ልጅ ገድሎ ተሰቀለ። ሰው አዝኖ ወደየቤቱ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ሰውዬ፣ ጠባሳው ጠፍቶለት፣ የባንክ ዘበኛ ሆኖ ከች አለ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ተሰቅሎ አልነበረም እንዴ?» አለ አንዱ ከቀኝ።

ዓምደሚካኤል ወደ ሙሴ ያኒ ዞረ። ሙሴ ያኒ እጀታውን እያዞረ፣ «ሰው አንድ፣ ፊልም ሌላ! ምንም የለም!» አለ።

«ጨዋታ ነው፤ ሰውየው አንዱ ቦታ ሌባ፣ ሌላው ቦታ ዘበኛ ሆኖ ይጫወታል ነው የሚለው» አለ ዓምደሚካኤል በሁለቱም ቋንቋ።

ከፊት የተቀመጡት ባላምባራስ ቢያድግልኝ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ። እኚህ ሽማግሌ የከተማውን ሰው ሁሉ ዘር እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው የሚቆጥሩ ናቸው፤ ሳይጠይቋቸው የተጋባ ሰው የለም። «ጨዋታ መሆኑንማ እናያለን፤ ዕውሮች አይደለንም» አሉ። «አሁን የሚጫወተው ሰው ግን የማን ልጅ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ካላወቅህ ምን ያስቆምሃል?»

ከግራ በኩል ቅቤ ነጋዴዋ አዛለች በወላይትኛ ተቀበለች፤ «ዘሩ ያልታወቀ ሰውማ ቤታችን ሊገባ ነው እንዴ!» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያም ሁሉም በአንድ ላይ ይጠይቅ ጀመር። ዓምደሚካኤል ጆሮውን ሊይዝ ምንም አልቀረው።

«ወንድሙ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የተሰቀለው ሰውዬ ታናሽ ወንድም ነው! በቃ?»

አልበቃም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በአቡጀዲው ላይ ለሚወጣ ሰው ሁሉ አባት፣ አጎት፣ አማት መፈለግ ግዴታው ሆነ። መርማሪው የማን አክስት ልጅ ነው? ያቺ ዘፋኝ ከማን ተወለደች? ችሎት ውሎ ደክሞት የመጣ ሰው፣ ማታ ደግሞ የሌቦችን ዘር ሲፈትል ያመሻል። የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ አሮጊቷ በየፊልሙ ነበረች። አንዱ ላይ ቤት ታከራያለች፣ ሌላው ላይ አበባ ትሸጣለች፣ ያው ጥቁር ነጠላዋ ከትከሻዋ አይወርድም። በሦስተኛው ፊልም ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የአንድ ጎልማሳ ፎቶግራፍ ታየ፤ ያ የተገደለው ልጇ ነው! ዓምደሚካኤል ደነገጠ። እሱ በንዴት የዘረጋውን ዝምድና ያ ፊልሞቹን የሠራ የማይታወቅ ፈረንጅ ቀድሞ በዝምታ ሸርቦት ኖሯል።

ይህን ሊናገር አፉን ሲከፍት ግን ከኋላ አንዱ፣ «አንተ፣ የዚያን ሌባ ዘር እንዲህ አበጥረህ የምታውቀው ከየት ነው?» አለው።

ዓምደሚካኤል ትዕግሥቱ እዚያ ላይ አለቀች። «የእናቴ ወንድም ነው! አጎቴ ነው! አሁንስ ዝም ትላላችሁ?»

መጋዘኑ ጸጥ አለ። ረታኋቸው ብሎ ደስ አለው።

የጸጥታው ፍች የመጣው በሳምንቱ ነው። ልጁ ጽጌሬዳ ለእህል ነጋዴው ለዱባለ ልጅ ታጭታ፣ ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። ዱባለ ባላምባራስን አስከትሎ መጣና ከደጃፉ አልፎ ለመቀመጥ እንቢ አለ።

«አቶ ዓምደሚካኤል፣ ልጅህን እንወዳታለን» አለ ዱባለ። «ግን ደም ያልታረቀበት ቤት ልጄን አላስገባም።»

«የምን ደም?»

«የአጎትህ። የአሮጊቷን ልጅ የገደለው።»

ዓምደሚካኤል መጀመሪያ ሳቀ፤ የሚስቅለት ሲያጣ ጸጉሩን ያዘ። «እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? የጨርቅ ላይ ጥላ እኮ ነው!»

«ጥላው ጥላ ነው» አሉ ባላምባራስ ረጋ ብለው። «ቃሉ ግን ያንተ ነው። የእናቴ ወንድም ነው ብለህ በሕዝብ ፊት ተናግረሃል።»

«ቀልድ ነበራ!»

«በዘር ይቀለዳል?»

«እሺ፣ ዋሸሁ! ዋሽቻለሁ!»

«ቀስ በል፣ አንተ ልጅ። አስተርጓሚው በሕዝብ ፊት ይዋሻል ከተባለ፣ በአፍህ የተፈረደበት ሁሉ ነገ ይግባኝ ይላል። ለአንተ ብለን ነው ያልሰማን የምንሆነው።» ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ጽጌሬዳ ከጓዳ ሁሉንም ሰምታ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ለአባቷ ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም፤ ያን ቀን ግን፣ «አባዬ፣ እንጀራ እናት አጣሁ ብዬ አልቅሼ አላውቅም፤ ሌባ አጎት ግን ማን አምጣልኝ አለህ?» አለችው። ቆይታ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሙሴ ያኒ አንድ ፊልም ቀርቶታል አሉ። አሮጊቷ ይቅር ብትልስ? ባትልም፣ አለች ብትልስ? አንድ ቃል እኮ ነው» አለችው።

«ወጊጂልኝ!» አላት። ግን ሳምንቱን ሙሉ ችሎት ቆሞ ያ አንድ ቃል ምላሱ ላይ ነበር።

ቅዳሜ መጋዘኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዱባለ ከባላምባራስ ጎን ተቀመጠ። ጽጌሬዳ ከሴቶቹ መሀል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ፊልሙ ተጀመረ፤ ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ፣ የተሰቀለው ሰውዬ ወንድም የተባለው ዘበኛ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የአሮጊቷን በር አንኳኳ። ሰው ከመቀመጫው ብድግ አለ። አሮጊቷ በሩን ከፈተች። ረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር፤ በዚያ ፊት ላይ ይቅርታም ርግማንም እኩል ይመቻቸው ነበር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጽሕፈቱ መጣ።

«‹ሂድ ከዚህ› ይላል» አለ ሙሴ ያኒ።

ሙሴ ያኒ ያለውን ከዓምደሚካኤል በቀር በጫጫታው መሀል የሰማ የለም። ዱባለ አንገቱን አስግጓል። ጽጌሬዳ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገልጣለች። ዓምደሚካኤል የልጁን ፊት ላለማየት ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

«‹ሂድ ከዚህ› አለችው» አለ በአማርኛ። በወላይትኛም ደገመው።

የማጉረምረም ጎርፍ ወረደበት። «ምናለ ብታስታርቃቸው!» አለ ዱባለ ራሱ፣ ከሁሉ በላይ ተናድዶ። «አንድ ቃል አነሰህ? ድግሱ ተጠንስሶ!»

«ያላለችውን ልበላት?»

«ልክ አደረገች!» አለች አዛለች፤ ቆማ እጇን ታወናጭፋለች። «ባርኔጣ ይዞ ብቻውን ይመጣል እንዴ? ሽማግሌ የታለ? ድንጋይ የታለ? እኔም ብሆን ውጣ ነው የምለው!»

ዓምደሚካኤል ይህንን ለቀኞቹ ሲተረጉም ባላምባራስ ፊታቸው በራ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ደም የሚታረቀው በሽማግሌ ነው። ይሄ ልጅ ሥርዓት ሳይዝ ስለ ሄደ፣ እንቢታው አይቆጠርም። ሙሴ፣ ማሽንህን አቁም!»

«ማሽን ይሞቃል! ፊልም ይቃጠላል!» እያለ ሙሴ ያኒ ማዞሩን አቆመ። ፋኖስ ተለኮሰ።

«ለአሮጊቷ ማን ይቆምላታል?» አሉ ባላምባራስ።

«እኔ» አለች አዛለች። «ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ያለቀስኩላት እኔ ነኝ።» በቆዳው ክምር ላይ ወጥታ እንደ ንግሥት ተቀመጠች። ከደጅ የምድጃ ጉልቻ የሚያህል ድንጋይ ገባ።

«እኔ ነኝ የምሸከመው?» አለ ዓምደሚካኤል። «በተፈጠረ ሰው ላይ እጄን አንሥቼ የማላውቅ፣ ላልተፈጠረ ሰው ደም?»

«አጎትህ ነው ያልከው አንተ» አሉት።

ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ተጫነ። ጎንበስ ብሎ አዛለች ፊት ቆመ። አዛለች በወላይትኛ ረጅም ንግግር አደረገች፤ ግራው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ።

«ምን አለች?» አለ ዱባለ።

አስተርጓሚ ሌላ አልነበረም። ዓምደሚካኤል ከድንጋዩ ሥር፣ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ «‹ይሄ ሰውዬ የራሱን ላም ጥጃ በቅጡ አያውቅም፤ የፈረንጅ ሌባ ዘር ሊቆጥር ተነሣ› አለች» አለ።

«ሌላስ?»

«‹ከመንዝ የመጣው ግማሹ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ የእኛው ግማሽ ጨዋ ነው› አለች።»

«እንዲያ አለች?» አሉ ባላምባራስ ተቆጥተው።

«ቃል አልጨመርኩም! ‹ድንጋዩም አነሰ› አለች! ኧረ ቶሎ በይ አንቺ ሴትዮ፣ አንገቴ ተቆረጠ!» ይህችን የመጨረሻዋን በየትኛው ቋንቋ እንደ ተናገራት ራሱም አላወቀም።

አዛለች ሳቋን ዋጠች። አቡጀዲውን ዞር ብላ አየችው፤ ባዶ ነበር። ስትናገር ድምጿ ተለወጠ፤ እሷም የቀበረችው ልጅ ነበራት። ዓምደሚካኤል የሰማውን ለቀኞቹ አቀበለ።

«‹ስለ ልጄ ይቅር ብያለሁ› አለች። ‹ልጅህን ዳር፤ እልልታውን እኔ አወጣለሁ› አለች።»

ዱባለ ተነሥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቱ ላይ አወረደለት። «የታረቀ ደም ያለ በግ አይዘጋም» አለ፤ «ለሰርጉ ካሰርካቸው አንዱን እናርዳለን።»

«በጉንም እኔ?» አለ ዓምደሚካኤል ቀና ማለት አቅቶት። «ኧረ የሰው ያለህ!»

ጽጌሬዳ በሰው መሀል እየተሹለከለከች መጥታ ማጅራቱን ታሸው ጀመር። «ዘወር በይ፤ ይሄ ሁሉ ባንቺ ነው የመጣብኝ» አላት። እጇን ግን ከአንገቱ ላይ አላነሣውም።