የእሷ ምራቅ ይበቃል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የሰማ ሰው ሁሉ «ታዲያ ምን ተሰማሽ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ከሐሳቤ ያልወጣውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል።

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው፤ እንግሊዝኛም እንደ ነገሩ እሞክራለሁ። ስለዚህ አስተርጓሚ የፈለገ እንግዳ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ሃናም የመጣችው እንደዚሁ ነው። ዕድሜዋ ሃያ ግድም ይሆናል። ሕፃን ሳለች በጉዲፈቻ ተወስዳ ስፔን ነው ያደገችው። ከስሟ በቀር አንድ የአማርኛ ቃል አታውቅም።

በላስቲክ የተጠቀለሉ ወረቀቶቿን ፊቴ ዘረጋቻቸው። የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ፣ የቀበሌ ደብዳቤ አለ። ወረቀቶቹ እንደሚሉት አባቷም እናቷም ሞተዋል። የወላጆቿ ተብለው የሰፈሩት ስሞች ጨንቻ ላይ በየደጁ የሚገኙ ስሞች ናቸው። አሳልፈው የሰጧት አያቷ ወይዘሮ አስካለች የሚባሉ፣ ከጨንቻ ከፍ ብሎ ያለ መንደር ነዋሪ ናቸው ይላል።

ሃና የዲ ኤን ኤ ምርመራ አስቀድማ አድርጋለች። የተገኙላት ግን ውጭ አገር የሚኖሩ የሩቅ የሩቅ ዘመዶች ብቻ ናቸው። «አያቴን አግኝቼ የእኔን ከእሷ ጋር ባመሳክር እኔ የማን እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። ለዚሁ ብላ ሁለት የምራቅ መቀበያ ብልቃጥ ይዛ መጥታለች። አንዱ ቢበላሽ ለመጠባበቂያ ነው። አሳዘነችኝ። ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ወጣሁ።

የጨንቻን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከታች በሙቀት ትነሳላችሁ፣ የዶርዜን ጠመዝማዛ ሳትጨርሱ ጥርሳችሁ መንቀጫቀጭ ይጀምራል። ሃና ቲሸርት ብቻ ለብሳ ስለነበር ጋቢዬን ሰጠኋት፤ እኔ ተንቀጠቀጥኩ። ቀበሌ ስንደርስ አንድ ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጦ «ማህተሙ የኛ ነው፣ ሴትዮዋም በሕይወት አሉ» ብሎ ቤታቸውን አሳየን።

ወይዘሮ አስካለች እንሰቱ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። የመጣንበትን ነገርኳቸው። ሃናን አዩዋት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። እኔ ላይ የቆዩት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ከዚያ የአገራችን ሽማግሌ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁኝ፤ «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ ጎሳችንን ነገርኳቸው።

«ስንት ናችሁ?»

«እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ታናሽ እህት ነበረችኝ፤ በሕፃንነቷ ሞታለች» አልኳቸው።

ለሃና ይህን አልተረጎምኩላትም፤ እሷን የሚመለከት አልነበረም።

ባልቴቷ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ሃናን ወደ እሳቸው ሳቡና ግንባሯ ላይ ትፍ ትፍ ብለው መረቋት። ሃና ደነገጠች። እኛ ጋ ትልቅ ሰው የሚመርቀው እንዲህ ነው ብዬ አስረዳኋትና ሳቀች። ብልቃጡን ያወጣሁት ያኔ ነው፤ ጊዜው የተመቸ መስሎኝ።

«ምራቅ ለምርቃት ነው» አሉኝ። «ታሽጎ አገር ለአገር የሚዞር ምራቅ አይቼ አላውቅም።»

«እማማ፣ ምንም አይጎዳም እኮ። ይኸው ይመልከቱ» ብዬ መጠባበቂያውን ብልቃጥ ከፈትኩና ራሴ ተፋሁበት። እስከ ምልክቱ ለመሙላት ስንት ጊዜ እንደታገልኩ አትጠይቁኝ፤ በብርዱ አፌ ደርቆ ነበር። ሃና እያየችኝ ትስቅ ነበር።

ወይዘሮ አስካለች ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት። ከዚያ ለሃና ሰጧት።

«የእሷ ይበቃል» አሉ።

«እማማ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የእኔ ምን ያደርግላታል? የእርስዎ ነው የሚፈለገው።»

«የእሷ ይበቃል ብያለሁ» አሉና እንዝርታቸውን አነሱ። ከዚያ በኋላ ብንለምናቸው ብንለማመጣቸው ቃል አልወጣቸውም። የእርጅና ግትርነት ነው ብዬ ለሃና ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ባዶ እጇን ላለመመለስ ይመስለኛል፣ የእኔኑ አሽጋ ስሜን ጻፈችበት። «አንቺም የጋሞ ሰው ነሽ፤ ምናልባት የሩቅ ዘመድ ትሆኚልኝ ይሆናል» አለች። በሦስተኛው ቀን ተሰናብታኝ ሄደች።

እናቴ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ከጨንቻ የተመለስኩ ዕለት እንደ ቀልድ አወራሁላት።

«አስካለች አልተፋም አለች?» አለችኝ።

«ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«የገበያ ሰው ናት፤ ማን የማያውቃት አለ?» አለች። ቀጥላም «ልጅቷ ጤነኛ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጤነኛ ናት አልኳት። ደክሞኛል ብላ እራት ሳትበላ ተኛች። እኔም አልጠረጠርኩም።

ውጤቱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። ከሃና የስልክ መልእክት ገባ። ፎቶ ነው፤ የእኔ ስም አለ፣ የእሷ ስም አለ፣ በመካከሉ «ሙሉ እህት» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። በአባትም በእናትም አንድ ማለት ነው። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፤ ስከፍተው ለቅሶ ብቻ ነው። ፊቴ አንድ እንግዳ ቁልፍ ይጠብቅ ነበር። ቁልፉን ሰጠሁት፣ ቁርስ የሚጀምርበትን ሰዓት ነገርኩት፣ መልካም ቆይታ ተመኘሁለት። የሌላ ሰው ወሬ የሰማሁ ያህል ነበር። ለሃና «አየሁት» ብቻ ብዬ መለስኩላት።

ሞታለች የተባልኩት እህቴን አስታውሳታለሁ። ማሬ ነበር የምላት። አባቴ የሞተው እናቴ እሷን አርግዛ ሳለች ነው። ከተወለደች በኋላ እናቴ ጨንቻ ገበያ ስትወጣ እኔ ነበርኩ የማዝላት። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማ የሚሠራው አጎቴ ጋ ተላክሁ። ያኔ በኛ አገር ልጅ የማይልክ ቤት አልነበረም። እዚያ ክር ሳጠነጥን ከረምኩ። ስመለስ ቤት ውስጥ ሕፃን የለም። እናቴ «ሞተች» አለችኝ። የት እንደተቀበረች ጠይቄ አላውቅም።

ለእናቴ ለመንገር ሰነፍኩ። ፈራሁ ብል ውሸት ነው። አንድ ቅዳሜ የሽፈራው ቅጠል ከእንጨቱ እየለየች አገኘኋትና አጠገቧ ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ «ሃና ማሬ ናት» አልኳት።

እጇ አላቆመም። «አስካለች ያን ዕለት ሳትነግርሽ መቅረቷ ገርሞኛል» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ሳታቋርጥ ነገረችኝ። አንድ ሰው ገበያ ላይ አግኝቷት ልጅቷ ውጭ አገር ተምራ፣ ስታድግ ለመስቀል ትመለሳለች ብሏታል። እናት በሕይወት ካለች ግን ልጅቷን አይቀበሏትም፤ ስለዚህ «በወረቀት ብቻ ትሞቻለሽ» ብሏታል። የእኛን ስም ለውጠው ጻፉ። የገበያ ባልንጀራዋ አስካለች አያት ሆነው አሻራ አደረጉ። በኋላም ሰውየው ለሰው ካወራችሁ ትታሰራላችሁ ብሎ አስፈራራቸው።

«ለምን ሞተች አልሽኝ?» አልኳት።

«ሰጠኋት ብልሽ፣ ነገ ደግሞ እኔን ትሰጠኛለች ብለሽ ትፈሪያለሽ ብዬ ነው።»

እኔ እኮ ያኔ ለአጎቴ ተሰጥቼ ነበር። ይህን ልላት ፈለግኩ፤ ብላትስ ምን ትለኛለች? ቅጠሉን መልቀሜን ቀጠልኩ። አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለኝ። እናቴ ለአባቴ ሙት ዓመት ሳታወጣ የቀረችበት ዓመት የለም። ለማሬ ግን አንድም ቀን አውጥታ አታውቅም። ሃዘኑን መቻል አቅቷት ነበር የሚመስለኝ።

ሃና በዓመቱ ለመስቀል መጣች። መስቀል ሲደርስ ከኛ አገር የወጣ ሁሉ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሸማኔ ጭኖ ነው የሚደርሰው። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። የሃናን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ትፍ ትፍ አለችባት፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ መዳፏን። ይህን ጊዜ ሃና አልደነገጠችም። ከዚያ ከቦርሳዋ ያን የቀረውን ብልቃጥ አወጣች። እናቴ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ተቀብላ ሞላችው። ጎረቤቱ ሁሉ ያለቅሳል። እኔ ወዲህ ወዲያ እያልኩ እተረጉማለሁ። «በጣም ናፍቀሽኝ ነበር ትላለች»፣ «ትጠላኛለሽ ወይ ትላለች»፣ «አልጠላሽም ትላለች»። የሁለቱም ቃል በእኔ አፍ እያለፈ ለእኔ የሚሆን አልተረፈም።

ሃና አሁንም ትደውላለች። «እወድሻለሁ» ትለኛለች፤ «እኔም» እላታለሁ። እውነቴን ይሁን አይሁን ገና አላውቅም። አንዳንዴ እናቴ ላይ እናደዳለሁ፣ ግን ንዴቱም ሳይሞቅ ይበርዳል።

በቅርቡ እናቴን ዓይኗን አሟት ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ከሌላ አገር የመጣች ወጣት ናት፤ ጋሞኛ አትሰማም። እናቴም አማርኛ እምብዛም ስለማትችል እንደ ልማዴ እኔ ነኝ የምመልሰው። ስም ጠየቀች፣ ዕድሜ ጠየቀች፣ ነገርኳት።

«ስንት ልጆች አሏቸው?»

«አንድ። እኔ ነኝ» አልኩ። ከልቤ አስቤ አይደለም፤ ያንኑ ስመልስ ነው ያደግኩት።

እናቴ የታመመ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ነበር። እጇን አወረደችና ወደ ነርሷ ዞረች።

«ሁለት ነው» አለች፤ በራሷ አማርኛ፣ ያለ እኔ።

ነርሷ ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። እኔ ግን ጥያቄውን ልተረጉም አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣኝም። ምን ተሰማሽ ለሚለኝ ሰው፣ እስካሁን ያለኝ ይኸው ነው።