ቀለም ያልተገኘለት መስመር

መምህር ሚልክያስ ዓለምን በክብና በቀስት የሚያስረዳ ሰው ነው። ጂንካ ታሪክ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የድሮ ጦርነትም ይሁን የትናንት ዜና፣ እሱ ሰሌዳ ላይ ከደረሰ መልኩ አንድ ነው። በሰሌዳው ጥግ የሚጽፈው የቀለም መግለጫም አይለወጥም፦ ክቡ አገር፣ ቀዩ ቀስት ጠላትነት፣ አረንጓዴው ወዳጅነት። ሌላ ቀለም የለም። ተማሪዎቹ "ቲቸር ቀስቴ" ይሉታል፣ የማይሰማ እየመሰላቸው።

በዚያ ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ንብረት የኋላ ዴስክ ላይ የምልከታ ቅጻቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሚልክያስን ሁለት ጊዜ ያመለጠው የመሪ መምህርነት ደረጃ በዚህች አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ተንጠልጥሏል። ተማሪ አሳትፋለሁ ብሎ፣ "ድንበር ተሻጋሪ ግጭት የሚያውቅ ወጥቶ ይሣል" አለ። ምን አናገረው።

ከኦሞራቴ መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማረው ናኩዋ ተነሣ። ሁለት ክብ ሣለ፤ አንዱ የገዛ ወገኖቹ ዳሰነቾች፣ አንዱ ከድንበር ማዶ ኬንያ ያሉት ቱርካናዎች። በመሃላቸው ቀይ ቀስት። ሚልክያስ ደስ አለው። ልጁ ግን አልተቀመጠም፤ ነጭ ጠመኔ አንሥቶ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ቀጫጭን መስመሮች ያሰምር ጀመር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ይሄ ያባቴ ጓደኛ ነው፣ ቲቸር። ቱርካና ነው። ፍየል ተሰጣጥተው ነው የተወዳጁት። ይሄ ደግሞ ያጎቴ።"

"ታዲያ ወዳጅ ናቸው ወይስ ጠላት?"

"ጠላት ናቸው። እሱ ግን ያባቴ ጓደኛ ነው።"

"ውጊያ ሲመጣስ?"

"ሲመጣ ቀድሞ ላባቴ ሰው የሚልክ እሱ ነው። 'ከብት አርቅ፣ ልጅ አርቅ' ይላል።"

ሚልክያስ ግራ ገባው። መስመሩን ቀይ ቢያደርገው ሰውየውን በደለ፤ አረንጓዴ ቢያደርገው ጦርነቱን ካደ። ለሃያ ዓመት ያስተማራቸው ልጆች ሁሉ ስንት መስመር በልባቸው ይዘው ዝም ብለው ይሆን?

"መምህር፣ መግለጫው ላይ ነጭ መስመር የለም" አሉ አቶ ንብረት ከኋላ።

ሚልክያስ ደረጃው ትዝ አለው። እጁ ሳያማክረው ዳስተሩን አነሣና ነጮቹን መስመሮች ጠራርጎ አጠፋ። ሰሌዳው እንደ ወትሮው ጥርት አለ።

ናኩዋ እዚያው እንደቆመ ሰሌዳውን አየ። "ቲቸር፣ አሁን አባቴን ማን ይነግረዋል?"

ሚልክያስ አፈረ። ጠመኔውን ከልጁ እጅ ተቀብሎ መስመሮቹን አንድ በአንድ መልሶ አሰመራቸው።

"መግለጫው ላይ ነጩ ምን ተብሎ ይጻፍ?" አሉ አቶ ንብረት፣ ብዕራቸውን ቅጹ ላይ አቁመው።

"አላውቅም" አለ ሚልክያስ። "ግን አይጥፋ።"