የጥጃውና የፒያኖው ሙግት

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። አግብታ ፈታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ከሰው ሁሉ የሚቀርባት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እስከ ጡረታው አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ። "ጋሼ" ትለዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ቤት ትሄዳለች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ሙግቱ ይጀመራል፦ ከአሜሪካ ፊልሞች ሁሉ የትኛው ይበልጣል? የእሷ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ የጠፋች ጥጃ ሲፈልግ በረሃ የሚያቋርጥበት ነው። የእሱ ደግሞ ፒያኖ ጭኖ በበረዶ የሚጓዝ የጭነት መኪና ሹፌር ታሪክ።

"ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥጃ ፍለጋ!" ይላል ጋሼ። "እናቲቱ ላም ብትጠፋማ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጠን ነበር።"

"መኪና ማየት ካማረህ አስፋልት ዳር ቁም! ትኬት ምን ያስቆርጥሃል?"

አንዳቸውም ተረትተው አያውቁም።

ካቻምና ጋሼ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ መነጽሩን ያስቀመጠበትን፣ ቀጥሎ የሰፈሩን መንገድ። ስንቱን ሰው ካሰበበት ያደረሰውን ሹፌር፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ መንገዱ ቢጠፋው ጎረቤት እጁን ይዞ መለሰው።

አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዷ ከደጅ ጀምራ "የእኔ ፈረሰኛ ይበልጣል!" አለች።

ጋሼ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በትሕትና እጅ ነሳት። "እርስዎ ካሉማ ይበልጣል" አለ።

በዕድሜው አንቱ ብሏት አያውቅም። ስንት ዓመት የተመኘችው ድል እጇ ገባ፤ እሷ ግን ከደጃፉ አላለፈችም። ሴት ልጁ ከጓዳ ወጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። "አክስቴ፣ አትቀየሚው። እኔንም ሰሞኑን 'የማን ልጅ ነሽ' ይለኛል።"

"ጋሼ፣ ተከራከረኝ እንጂ" አለች እህቱ። "ሹፌሩስ? ፒያኖውስ?"

"የቱ ሹፌር?"

አጠገቡ ተቀመጠችና ስታንቋሽሸው የኖረችውን ፊልም ትተርክለት ጀመር። መኪናው ድልድይ ላይ መቆሙን፣ ሹፌሩ ኮቱን አውልቆ ፒያኖውን ማልበሱን ነገረችው።

"ኮቱን? እሱስ አልበረደውም?"

"በረደው እንጂ።"

"ወይ ጅል! ዕቃ ይበርደዋል?"

"ጅል አይደለም! አደራ የተቀበለ ሰው ነው!" ብላ ጮኸች። ጋሼ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ የድሮ ሳቁን። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ።

ሳቁ ሲበርድለት ጠጋ አላት። "ጨዋታ ያውቃሉ። እኔም ፊልም የምትወድ እህት አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ትንሽ ቢቆዩ ያገኟታል።"

"እቆያለሁ" አለች።

ልጁ ሻይ አመጣች። ሦስቱም ጠጡ። ጋሼ አሥር ጊዜ ወደ በሩ ያያል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የፒያኖውን ሹፌር እንደ አዲስ ትተርክለታለች፤ እሱ "ጅል" ይላል፣ እሷ ትሟገትለታለች። የጥጃዋን ፊልም ግን ዳግመኛ አላነሳችም።