ቃለ ጉባኤ ከቪአይፒ ሦስት

ጋሼ ተስፋሚካኤል ጎሬ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሥራ ቋንቋው ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር ስንቱ ጸሐፊ እያማረረ ወጣ፤ እሳቸው ግን በጎልማሳነታቸው ከልጆች ጋር የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤን፣ ቆጥረው ሥራቸውን ቀጠሉ። ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፣ ቃለ ጉባኤውን የሚይዙት ጋሼ ተስፋሚካኤል ናቸው። የጎሬ ሰው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ሲቀልድባቸው፣ «ወረቀቱ እኔ ነኝ፤ ሞኙን እዚያው ፈልጉ» ይላሉ።

ያን ክረምት ከጎሬ መቱ በሚኒባስ የተመላለሱት ለልጃቸው ለዳናዊት ነው። ዳናዊት ሆስፒታል በሌለባት በኡካ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ባሏ አቶ በምነት መቱ ይኖራል። የመጀመሪያ ፅንሷ በፊተኛው ዓመት ክረምት ወደ መቱ ሆስፒታል ሲያመጧት፣ ጭቃ የያዘው መኪና ውስጥ ነው የወረደው። አሁን ደግሞ ሰባት ወሯ ነው። አባትየው ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ ያጣሉ። ወደ መቱ የሚያዛውራት ደብዳቤ ተጽፎ አልቆ የቀረው አንድ ፊርማና አንድ ማህተም ነው፤ ፈራሚው አቶ ዲበኩሉ የሚባል የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር፤ ብንጠራው ሌሎቹ «እኛስ ምን አነሰን» ብለው ይቀየማሉ።

«ጋሼ፣ ወልገኢ ራ ጅሩ» ትላቸዋለች ጸሐፊዋ ዓያንቱ። ስብሰባ ላይ ናቸው ማለቷ ነው። በመጀመሪያው ቀን አምነው ተመለሱ፣ በሁለተኛው እየተጠራጠሩ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ተነሡ።

«የዚህን ሁሉ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እስቲ አሳዪኝ፣ ልጄ።»

«ቃቦ ያኢ የለም፣ ጋሼ። ተይዞም አያውቅም» አለች፣ አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች።

«ቃለ ጉባኤ የሌለው ስብሰባ ምን የሚሉት ነው? ለቅሶ እንኳ የዕድር መዝገብ አለው። ማህተሙስ?»

«በቦርሳቸው ይዘውት ነው የሚሄዱት።»

ተስፋ ቆርጠው በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ፣ አዲስ የተከፈተ የካራኦኬ ላውንጅ በር ላይ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቆማ አዩ። የመዝገብ ቤት ሰው ሰሌዳ አይረሳም። ባጃጇን አስቆሙ።

ዘበኛው ከጫማቸው ጀምሮ ወደ ላይ አያቸው። «ቦታ አስይዘዋል?»

«ለስብሰባው ነው የመጣሁት» አሉ።

«እ፣ የአቶ ዲበኩሉ? ቪአይፒ ሦስት።»

ክፍሉ መስኮት የለውም። ውጭ ጠራራ ቀን ሆኖ ሳለ እዚያ ውስጥ ወይን ጠጅና አረንጓዴ መብራት ይሽከረከራል፤ ግድግዳው እንደ ፍራሽ በስፖንጅ ተለብጧል፤ ሶፋው የተቀመጠበትን ሰው ውጦ ጉልበቱን ብቻ ያሳያል። አቶ ዲበኩሉ ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ ማይክ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያላዝናል። ቶሎ ቶሎ ግን ይገልጠዋል፤ ግጥሙን የሚያነበው ከቴሌቪዥኑ ላይ ነውና። እወደዋለሁ የሚለውን ዘፈን እንኳ በቃሉ አያውቅም። ሁለት የክፍል ኃላፊዎች ሹመት ያዳብርልን በሚል ፊት ያጨበጭባሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ማሽኑ ውጤት ሰጠ፤ ስልሳ ሁለት። እነሱ የመቶ ያህል አጨበጨቡ።

ጋሼ ተስፋሚካኤልን ያንገበገባቸው መጠጡም ጭፈራውም አልነበረም። ልጃቸው በየቀኑ ደውላ «ተፈረመ ወይ?» እያለች የምትጠብቀው እጅ ማይክ ይዞ ሲወዛወዝ ማየታቸው ነው።

«ጋሼ!» አለ ኃላፊው፣ አውቋቸው። «እዚህ የገባ ሰው ሳይዘፍን አይወጣም። አንድ ይልቀቁና እፈርምልዎታለሁ።»

«መዝፈን አልችልም። ስብሰባ ላይ ናቸው ስባል ጊዜ ጸሐፊ እንዳላችሁ ልጠይቅ ነው የገባሁት።»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። «የለንም!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«እንግዲያው እኔ እይዛለሁ።»

ከኮታቸው ኪስ የዝውውሩን ደብዳቤና ባዶ ወረቀት አወጡ፤ የፍራፍሬውን ሳህን ገፋ አድርገው፣ መብራቱ አረንጓዴ በሆነ ቁጥር አንድ አንድ መስመር እየጻፉ ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። ከዚያ ማይኩን ተቀበሉና፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ባነበቡበት በዚያ በተጎተተ ድምፅ፣ በኦሮምኛ አነበቡት። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል።

«የስብሰባው ቦታ፣ ካራኦኬ ላውንጅ፣ ቪአይፒ ሦስት። ጊዜው፣ በሥራ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። የተገኙ፣ ኃላፊውና ሁለት የክፍል ኃላፊዎች። ያልተገኙ፣ ባለጉዳዮች። አጀንዳ አንድ፣ ዘፈን። በዚህ አጀንዳ ላይ አቶ ዲበኩሉ ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። አጀንዳ ሁለት፣ የወይዘሮ ዳናዊት ተስፋሚካኤል ዝውውር። ቤቱ በጥልቀት ተወያይቶ ያለ ተቃውሞ ተቀብሎታል።»

ማሽኑ ዘፈን መስሎት ሰማንያ ስምንት ሰጣቸው።

ኃላፊዎቹ ሶፋው ላይ ተንፈራፈሩ፤ ከሳቅ ብዛት እንባቸው መጣ። ጋሼ ተስፋሚካኤል ግን አልሳቁም። «ሳይፈረም አይነሣም» ብለው ወረቀቶቹን አዞሩ። እነዚህ ሰዎች ሳያነቡ መፈረም የለመደ እጅ ነው ያላቸው፤ እየሳቁ ፈረሙ። አቶ ዲበኩሉም ከቦርሳው ማህተሙን አውጥቶ ደብዳቤውንም ቃለ ጉባኤውንም ጠቅ ጠቅ አድርጎ ወደ ማይኩ ተመለሰ፤ ውጤቱን ሊያሻሽል።

ቢሮ ሳይዘጋ ዓያንቱ ዘንድ ደረሱ። ለደብዳቤው ቁጥር ሰጠችው። ሁለተኛውን ወረቀት ስታነብ እጇ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄም ፋይል ይግባ?»

«ፊርማ አለው?»

«አለው።»

«ማህተም?»

«አለው።»

«ታዲያ የመዝገብ ቤት ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል?»

ዓያንቱ ትንሽ አሰበች። ስንት ባለጉዳይ በውሸት እንደመለሰች ታውቃለች። ቁጥር ሰጥታ አስገባችው።

ዳናዊት መቱ ገባች፤ በጥቅምት ሆስፒታል ውስጥ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። በዚያው ሰሞን ከበላይ ተቆጣጣሪዎች መጥተው «የዓመቱን ቃለ ጉባኤ አቅርቡ» ቢሉ፣ መዝገቡ ሲገለጥ የተገኘው አንድ ብቻ ሆነ።

ጋሼ ተስፋሚካኤል የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው እሹሩሩ ሲሉ ስልካቸው ጮኸ። ዳናዊት አነሣችው።

«አባባ፣ አቶ ዲበኩሉ ነው። ‹ያ ወረቀት ቀልድ ነበር ብለው ይመስክሩልኝ› ይላል። ሊያለቅስ ነው መሰለኝ።»

አባትየው ቀና አላሉም፤ ሕፃኗ ገና ዓይኗን መክደኗ ነበር።

«ስብሰባ ላይ ናቸው በይው።»