ለአክስት አርባ ይበቃል

ልጅ ሳለሁ በቅሎ የተሸነፈችበት ተረት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሌላው ሰው «በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች» እያለ ሲስቅባት፣ አክስቴ ብርቄ «ቢያጥርባትም መበጠሷ አልቀረም» ትል ነበር። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ አልወለደችም። እኔ ለትምህርት ብዬ ከሰሃላ፣ ከእናቴ ቤት፣ ሰቆጣ ወደ እሷ የመጣሁት ገና ጥርሴን ሳልቀይር ነው። የመጣሁ ሰሞን አንቱ ብላት ተቆጣችኝ።

«እናትሽን አንቱ ትያታለሽ?»

«እናቴንማ አንቺ ነው የምላት።»

«እንግዲያው እኔንም አንቺ በይኝ» አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ያኔ፣ ከእራት በኋላ ፍሙ አመድ ለብሶ፣ የኩራዙ ጭስ ጣሪያውን ሲያጠቁር፣ እሷ ጥጥ እየፈተለች፣ በአማርኛ ጀምራ ነገሩ ሲያናድዳት ወደ ኽምጥኛ እየገባች ከምታወራልኝ ሁሉ አንዱ ተረት አይጠፋኝም። ፈረስና በቅሎ ጨው ተጭነው ከተከዜ ሽቅብ ሲመለሱ ፈረስ ገደሉ ሥር ይቆማል። «አንቺ ልጅ የለሽ፣ ለማን ብለሽ ትለፊያለሽ?» ይላታል። «ጨው ለሚቀምስ ሁሉ» ትለዋለች በቅሎ፣ ዞር ብላም ሳታየው። እዚህ ላይ አክስቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቅና ታየኛለች። እኔም ገደሉን የወጣሁት ራሴ ይመስል ደረቴን እነፋለሁ።

አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን ሳለ አንዲት ጎረቤታችን ጀሪካኗን ከእኛ ፊት ደነቀረች። አክስቴ ለማንም አትመለስምና ብድግ አድርጋ ወደ ኋላ መለሰችው። ሴትዮዋ «ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ በቅሎ!» አለቻት። ስድብ መሆኑን እኔ በምን ልወቅ? ሙገሳ መስሎኝ «አዎ፣ በቅሎ ናት! የኔ አክስት በቅሎ ናት!» ብዬ ጮህኩ። አክስቴ ለአፍታ ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሰማችሁ? ልጄ መሰከረችልኝ!» አለችና ጀሪካኗን ሞልታ፣ አዝላው ሄደች። በቅሎ እንደማትወልድ፣ ያልወለደችን ሴትም በዚህ ስም እንደሚሰድቧት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አላፈርኩበትም። ዛሬም ቢሆን ደግሜ እጮኸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ሞተች። በለቅሶዋ ላይ አልቃሿ «ምድጃሽ ቀዘቀዘ፣ ወራሽ ሳትተኪ» ብላ ስትጀምር ደሜ ፈላ። «እኔ ታዲያ ማን ነኝ?» ብዬ ተነሳሁ። ሰዎች «ሐዘን ነው፣ ተይ» እያሉ በግድ አስቀመጡኝ። በማግስቱ ጥቁር ለበስኩ።

አርባዋ ሲወጣ፣ ከማስተምርበት ከአምደወርቅ መጥቼ ከዘመድ ጋር ተቀምጠን ሳለ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ለአክስት አርባ ይበቃል። ዓመት የሚለበሰው ለእናት ነው» አሉኝ።

«እኔም የለበስኩት ለእናቴ ነው» አልኳቸው።

«አፍሽን ያዥ! እናትሽ በሕይወት ተቀምጣ እያየችሽ? ሟርት ነው፣ አውልቂ!»

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። ከሰሃላ በእግሯ የመጣችው እናቴ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። እንድታዝዘኝ ጠበቋት። እኔም ፈራሁ፤ የፈራሁት የአጎቴን ቁጣ አልነበረም፣ እሷ ይከፋታል ብዬ ነው። ቢከፋትም ግን እንደማላወልቅ አውቀዋለሁ።

እናቴ የቀሚሴን ጫፍ ያዘችና በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው።

«ቅያሪ አለሽ?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«ዓመት ሙሉ በአንድ ቀሚስ አይሆንም። ነገ ገበያ እንሄዳለን።»

አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

አክስቴ የምትኖረው በኪራይ ቤት ነበር፤ ወርቅም መሬትም አልተወችልኝም። የቀረልኝ ግትርነቷ ነው፤ ለካ የእናቴም ኖሯል። ዛሬም ጥቁሬን ለብሼ አስተምራለሁ። የማያውቁኝ ሰዎች አዝነው «እናትሽ አረፉ እንዴ?» ይሉኛል።

«አዎ» እላቸዋለሁ፤ «አንዷ።»