በዘጠነኛው ተራ ቁጥር ላይ የተሰጠ አስተያየት

በዚያ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ወረቀት ሳይይዝ ራቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ወይ ጤናው የተቃወሰ ነው ወይ ዘመድ ያለው ባለሥልጣን ነው። ስኳር ለመግዛት ካርድ፣ ቤት ለመቀየር መሸኛ፣ ሞጆን አልፎ አዲስ አበባ የታመመ ለመጠየቅ ይለፍ ያስፈልጋል። ይለፉ የነዋሪነት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ማረጋገጫው ደግሞ ከስብሰባ አለመቅረትህን የሚመሰክር ፊርማ። ፈራሚው ራሱ ስብሰባ ላይ ስለሚውል አይገኝም። እንዲህ እየተዞረ ሲመለስ የታመመው ዘመድ ወይ ድኗል ወይ አርባው ወጥቷል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ ቅጽ በመጣ ቁጥር ቀበሌው እኛን አስተማሪዎቹን በየቤቱ ያሰማራናል። ስንቱን ቤት አንኳኩቼ ስንቱን ሰው "የተወለዱበት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት?" ብያለሁ! "ጣሊያን ሲወጣ ጥርስ አብቅዬ ነበር" ይሉኛል። ከጣሊያን መውጫ የጥርስ ማብቀያውን ቀንሼ አንድ ነገር እጽፋለሁ። መንግሥት ያንን አምኖ ፋይል ውስጥ ሲያስገባው ሳስብ እስከ ዛሬ ሳቄ ይመጣል።

ቤታችን እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ነበርን። አባቴ ቀደም ብሎ ነው የሞተው። እናቴ ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣ ሽንኩርት ገበያ ላይ ትሸጣለች፤ ታናሽ ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ መካኒክነት ይማር ነበር። ማታ ሲገባ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው፤ እናቴ "ዛሬ ደግሞ የትኛው መኪና ወለደህ?" እያለች ታሾፍበታለች። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ጊዜ ዕጣው ደረሰውና ከቀበሌው ግቢ፣ ከዋርካው ሥር፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። እናቴ ዳቦ ቆሎ በከረጢት አድርጋ መኪናው ላይ ወረወረችለት። ከአሥመራ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀረ። ሞተ ያለን የለም፤ ቆስሏል፣ ተማርኳል ያለንም የለም።

እናቴ ስለ እሱ ብዙ አታወራም። የጋራዥ ቱታውን ግን ከእኛ ልብስ ጋር እየጨመረች ታጥበዋለች። ማንም ያልለበሰው ቱታ በየሳምንቱ ታጥቦ ገመዱ ላይ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ "ንጹሕ ነው እኮ" ብያት ነበር። "አቧራ ይገባዋል" አለችኝ። የናዝሬትን አቧራ የሚያውቅ በዚህ ሊከራከር አይችልም።

የሆነው ሆኖ አንድ ቀን አዲስ የቤተሰብ ቅጽ መጣ። ይህኛው ከሌሎቹ የሚለየው ከመታደሉ በፊት "ሰፊው ሕዝብ አስተያየት ይስጥበት" መባሉ ነው። እኛ አስተማሪዎች ቀድመን እንድናጠናው አንዳንድ ቅጂ ተሰጠን፤ ቀለሙ እጅ ላይ የሚቀር፣ በማባዣ የተባዛ ወረቀት። ቤት ወስጄ ሳነብ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው እየለየች ነበር።

"ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" አለች።

የቤት ቁጥር፣ የመጡበት ቦታ፣ ብሔረሰብ፣ ሃይማኖት፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ እያልኩ ወረድኩና ዘጠነኛው ተራ ቁጥር ላይ ደረስኩ። "በማናቸውም ምክንያት ከስድስት ወር በላይ ከቤት የራቀ አባል ከቤተሰቡ ዝርዝር ይሰረዛል፤ የሚሰረዘው ሰው ስም።" እናቴ እጇን አላቆመችም። ሽንኩርቱን ለይታ ከጨረሰች በኋላ ነው ቀና ያለችው።

"አስተያየት ስጡ የተባለው ምን አድርጉ ነው?"

"የመሰላችሁን ተናገሩ ነው።"

"ለማን?"

"ለመንግሥት።"

ሳቀች። "እስከ ዛሬ የመሰለኝን ጠይቆኝ አያውቅም። ምን ነካው?"

አስተያየት ማለት ማጨብጨብ እንደሆነ፣ ከማጨብጨብ ያለፈ ሰው ደግሞ በማግስቱ ለጥያቄ እንደሚጠራ እሷም ታውቃለች። ቢሆንም በጉልበቷ ላይ ወድቄ ለመንኳት። እባክሽ እንዳትናገሪ፣ አንድ ልጅሽ ጠፍቶ አንቺም እንዳትጠፊብኝ አልኳት። ፀጉሬን ዳሰሰችኝ፤ እሺም እምቢም አላለችም። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ፤ እናቴ ዝም ካለች ቆርጣለች ማለት ነው።

ስብሰባው እሑድ ረፋድ ላይ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ስለሆነ ገና ከጠዋቱ ይግላል፤ ሰው በወረቀትም በነጠላ ጫፍም ያራግባል። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ካኪ የለበሰ ወጣት ነበር። እውነት ለመናገር ክፉ አይመስልም፤ ትሑት ድምፅ ነበረው። ቅጹን ከራስ እስከ እግር አንብቦ "ጓዶች፣ አስተያየት ካላችሁ" አለና ብዕሩን አዘጋጀ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጭብጨባ እጁን ሊያነሳ ሲል ከኋላ አንድ ባለጋሪ ተነሳ።

"የቤተሰብ አባል በሙሉ ሲባል ፈረሴን ይጨምራል? ከሁላችንም በላይ የሚያበላን እሱ ነው። ግን ፎቶ ላንሳህ ብለው ይራገጣል።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ካድሬው ራሱ ፈገግ አለ። ሳቁ የሰውን አፍ ፈታው መሰለኝ፣ በየጠዋቱ ወተት የሚያመጡልን ኦሮሞ እናት ቀጠሉ። "ያ ረቢ! ለአንድ ወረቀት አራት ፎቶ! እኔ ተነስቼ አላውቅም፣ መልኬን የሚፈልግ ካለ በር ላይ መጥቶ ይየኝ። ወተትም ይግዛ።" ሌላው ተነስቶ ይህንኑ ጥያቄ አምና በቢጫ ወረቀት፣ ካቻምና በነጭ ወረቀት መልሻለሁ፣ መልሴ የት ሄደ? ብሎ ጠየቀ። በየቤታቸው በሹክሹክታ ሲሉት የሰማሁትን ነው አደባባይ ላይ የሚሉት። ካድሬው ይጽፋል። ሊቀመንበሩ ያልበዋል።

እናቴ እጇን አነሳች።

ነጠላዋን ያዝኩ፤ ቀስ ብላ አስለቀቀችኝና ቆመች።

"ይቀጥሉ ጓዲት" አለ ካድሬው።

"ጓዲት ይቅርብኝ የኔ ልጅ፣ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። አስተያየቴ ዘጠነኛው ላይ ነው።" ድምፅዋ ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትናገርበት ዓይነት ነበር፤ አይጮህም፣ አይለማመጥም። "ልጄን እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁት። ከዚሁ ግቢ፣ ከዋርካው ሥር። እኔ አላባረርኩትም፣ እሱም አልኮበለለም። አሁን ደግሞ ርቋልና ሰርዢው ትሉኛላችሁ። የስኳር ድርሻውን ውሰዱት፣ ሳሙናውንም ውሰዱት። ስሙን ተዉልኝ። ሰው ከቤቱ የሚሰረዘው መርዶ ሲመጣ ነው፤ እኔን ማንም አላረዳኝም።"

የሚያራግበው ሁሉ ማራገቡን አቆመ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጁ ያልዘመተበት ሰው ጥቂት ነው። ካድሬው ብዕሩን አስቀመጠና በዚያው ትሑት ድምፁ፣ "እናቴ፣ ይገባኛል። ግን የአሠራር ጉዳይ ነው። መንግሥት ቤት ውስጥ በትክክል ማን እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። የሌለውን ሰው አለ ብለን ልንጽፍ አንችልም" አለ።

በዚህ ጊዜ ነው የእድራችን ዳኛ ጉሮሯቸውን የጠረጉት። ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን ሪህ የያዛቸው ሽማግሌ ነበሩ። ቆመው መናገር ስለማይችሉ ሁልጊዜም ተቀምጠው ነው የሚናገሩት፤ ሰፈሩም ያውቅላቸዋል። በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ሽማግሌዎችን ሰብስበው በማለዳ በር የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። እኛ ልጆች ሆነን ማለዳ ወደ ግቢያችን ሲመጡ ካየን እንሸሽ ነበር። የአባቴንም ሞት ለዘመዶቹ ያረዱት እሳቸው ናቸው።

"ጓድ" አሉ፣ "ተቀምጬ በመናገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህ ሰፈር መርዶ የምናረዳው እኛ ነን። ይህቺን ሴት አላረዳናትም። እኛ ካላረዳናት ልጇ ቤቷ ነው ያለው። ከመጣም እንዲህ አድርገን ነው የምንቀበለው።"

ከዘራቸውን ተከሉ። አንድ እጃቸውን አግዳሚው ላይ፣ አንድ እጃቸውን ከዘራው ላይ አድርገው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ ፊታቸውን ወደ አዳራሹ በር መልሰው ብድግ አሉ።

"ኖር!" አሉ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። የሚያቃጥል ፀሐይና ዋርካው ብቻ ይታያል።

አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌዎች ተነሱ። "ኖር!" ከእነሱ ኋላ ያለው አግዳሚ ተነሳ። ባለጋሪው ተነሳ፣ ባለወተቷ ተነሱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። ሰው ቤት ሲገባ ከምግብ ላይ እንኳ እንደምንነሳው፣ አዳራሹ በሙሉ፣ ወደ በሩ ዞሮ፣ "ኖር! ኖር!" አለ። እኔም ተነሳሁ። ማን እንዳስነሳኝ አላውቅም። በዚያ በር ላይ ወንድሜ ግራሶ በነካው እጁ መቃኑን ይዞ፣ ይህን ሁሉ ሰው አይቶ አፍሮ የቆመ መሰለኝ።

እናቴ ከሁሉም በፊት ቆማ ስለነበር የምትነሳበት አልነበራትም። ወደ በሩ አየች። በገባው ሰው ፋንታ መልሱን እሷ መለሰች።

"በእግዜር" አለች፣ ቀስ ብላ። "በእግዜር፣ ተቀመጡ።"

ያኔ ነው ወደ መድረኩ የዞርኩት። ሊቀመንበራችን ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ካድሬውም ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ከወንበሩ ግማሽ ብድግ ብሎ ነበር። ማን አዘዘው? ማንም። እናቱ ቤት የለመደው ሰውነቱ ነው ከእሱ በፊት የተነሳው። ሁላችንም ስንቀመጥ እሱም ተቀመጠ፤ ፊቱ ቀልቷል። ብዕሩን አነሳና "አስተያየቱ ተመዝግቧል" አለ። ጭብጨባ አልተጠየቀም። ሰው ሳይጋፋ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እናቴ እስክትጠራ ጠበቅሁ። አልተጠራችም። ቅጹ ታትሞ ሲመጣ ዘጠነኛው ተራ ቁጥር እንዳለ ነው፤ አንድ ፊደል አልተነካም። አራቱ ፎቶም እንዳሉ ናቸው። እኔም እንደ ልማዴ ክላሰሬን ይዤ በየቤቱ ሄድኩ። እስከ ስምንት ይመልሱልኛል፤ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ዝም ይላሉ። ዘማች ያለው ቤት ዝም አለ። ዘማች የሌለውም ዝም አለ። ወንጂ አገዳ ቆረጣ ሄዶ የቀረ ልጅ ያላቸው፣ ምንም የራቀ የሌላቸው አዲስ ተጋቢዎች ሁሉ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም፤ ቢማከሩ እሰማ ነበር። የሰፈሩን ቅጾች በሙሉ ዘጠነኛው ባዶ ሆኖ ለቀበሌው አስረከብኩ። ቅጾቹን ሊረከብ ከአውራጃ የመጣው ያው ካድሬ አንድ በአንድ ገለጠ፣ አንድ በአንድ አየ፣ አንድ በአንድ ማህተም አደረገባቸው። አንድም አልመለሰም።

የራሳችንን ቅጽ የሞላሁ ዕለት እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ "መጀመሪያ እሱን ጻፊ" አለችኝ። እኔ ታላቋ ብሆንም መጀመሪያ እሱን ጻፍኩ።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ወታደሩ በእግሩ፣ በጭነት መኪና፣ እንደ ሆነለት ይመለስ ጀመር። እናቴ ሽንኩርቷን ትታ መንገድ ዳር ዋለች። ለሁሉም ውኃ ትሰጣለች፣ ሁሉንም ትጠይቃለች። ክፍለ ጦሩን የሚያውቅ ተገኘ፤ እሱን የሚያውቅ አልተገኘም። የሚያልፈው ሰው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አለቀ። እሷ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ጠበቀች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ለብሳ፣ "ተከተይኝ" ብላኝ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄድን። አርጅተው አልጋ ላይ ነበሩ።

"አባባ" አለቻቸው፣ "አሁን ያርዱኝ።"

ሽማግሌው ደነገጡ። "ያላየሁትን፣ ያልሰማሁትን እንዴት አድርጌ ላርዳ ልጄ?"

"እኔ ነኝ የጠየቅሁዎ፣ ወረቀት አላዘዘኝም። ማልቀስ አለብኝ። ሳያረዱኝ ማልቀስ አልችልም።"

እጇን ይዘው እሺ አሏት። በማግስቱ ማለዳ ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ። እናቴ ታጥባ፣ ለብሳ፣ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። ለምን እንደመጡ የምታውቅ ሴት፣ ያስጠራቻቸው ራሷ ሆና፣ በሩ ሲከፈት ብድግ አለች።

"ኖር" አለቻቸው።

"በእግዜር" አሉ ሁሉም። ገብተው ተቀመጡ፤ ከዚያም አረዷት።

የእናቴ ጩኸት ሰፈሩን ሲጠራው እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቱታው ገመዱ ላይ ነበር። ትናንት ማታ አጥባው ኖሯል፤ ሳወርደው ገና አልደረቀም።